ቅጣቱን ካወቅን ይግባኙንም እንወቅ



በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ውስጥ ፓርቲያችን ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ፍርድ ቤቶች ነፃነት ያለውን አቋም ታነባላችሁ። ይህ ገጽ ግን ብዙዎች «ይህም ለማኒፌስቶ ይበቃል ወይ?» ሊሉበት የሚችሉ ጉዳይ ይዞ ቀርቧል። ጉዳዩ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተሽከርካሪ በማቆም ምክንያት የሚጣል ቅጣት፣ ሕዝቡ ስለዚሁ ቅጣት ሊያገኝ የሚገባው መረጃና ቅጣቱን የመቃወም መብት ነው። ይበቃል የምንልበት ምክንያት አለን። አብዛኛው ዜጋ ዕድሜውን ሙሉ ከሰበር ሰሚ ችሎት ደጅ ሳይደርስ ሊኖር ይችላል። ከመንግሥት ሥልጣን ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው መንገድ ዳር፣ በመኪና መስኮት በኩል በሚሰጠው ቁራጭ ወረቀት ነው። በዚያች ወረቀት ላይ ሕግ የማያከብር አስተዳደር በትልቁ ጉዳይ ያከብራል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፓርቲያችን ለድምፅ ሲል የቅጣት ምሕረት ቃል አይገባም። መርካቶ ላይ ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ መንገዱን ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ከኋላ እየጮኸ መሄጃ ሲያጣ፣ የእግረኛው መንገድ በመኪና ተይዞ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ማየት የዕለት ተዕለት ልምዳችን ነው። ይህን ያደረገ ሰው ይቀጣ። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። የተቀጣው ሰው በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በምን ማስረጃ እንደ ተቀጣ ያውቃል ወይ? አልተስማማሁም ቢል የት ይሄዳል? በስንት ቀን መልስ ያገኛል? ከተማው ከዚህ ቅጣት በዓመት ምን ያህል እንደ ሰበሰበና ለምን እንዳዋለው ማን ነግሮናል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰው ፒያሳ ወይም ካዛንችስ መኪናውን ዳር አስይዞ ወደ ፋርማሲ ይገባል። ሲመለስ ታርጋው ተፈትቷል፤ ወይም ጎማው ተቆልፏል። በመስታወቱ ላይ ወረቀት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ታርጋው የት እንደ ተወሰደ፣ ማን እንደ ወሰደው፣ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚነግረው ማን ነው? በዚያው ጥግ የተቀመጠው ሊስትሮ ነው። ካልሆነም የሱቁ ዘበኛ፣ ወይም ከማኅበር ሆኖ የማቆሚያ ሒሳብ የሚሰበስበው ወጣት ነው። «ወደዚያ በኩል ሄደዋል፣ እዚያ ጣቢያ ጠይቅ» ይለዋል። አንድ ዋና ከተማ የሕግ መረጃን ለነዋሪው የሚያደርሰው በሊስትሮ በኩል ከሆነ፣ ሊስትሮው ምስጋና ይገባዋል፤ አስተዳደሩ ግን ሊያፍር ይገባል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሰውየው ታርጋውን ወይም መንጃ ፈቃዱን ለማስመለስ አስቀድሞ መክፈል ይኖርበታል። ከከፈለ በኋላ ደግሞ «ከፍለህ አምነሃል» ይባላል። ልከራከር ካለ መንጃ ፈቃዱ እዚያው እንደ ተያዘ ሁለትና ሦስት ቀን መመላለስ አለበት። የሚኒባስ ሹፌር ከሆነ የቀን ገቢው ይቀራል፣ የባለንብረቱ ሒሳብ ይጎድላል፣ ረዳቱም ቤቱ ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ ሒሳቡን ይሠራና ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል። ባለሥልጣናት «ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ረክቷል» ሊሉን ይችላሉ። ይህ ሙግት ሚዛን አያነሣም። ሰዎች የማይከራከሩት ጥፋተኛ ስለ ሆኑ ሳይሆን መከራከር ከቅጣቱ በላይ ስለሚያስከፍል ሊሆን ይችላል፤ የቱ እንደ ሆነ የሚለየው ደግሞ በተደበቀው መረጃ ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕግ ሰው በመሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይፈልጋል፤ አንባቢም ይታገሠው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ይጠብቃል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስካልተፈረደበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል የሚለው መርህም በአንቀጽ 20 ላይ ሰፍሯል። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ለከተማው ፍርድ ቤቶች በደንብ መተላለፍ ጉዳዮች ላይ የመዳኘት ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። እንግዲህ መብቱም ዳኛውም በወረቀት ላይ አሉ። በመካከላቸው የጠፋው መንገዱን የሚያሳይ ምልክት ነው።

በትራፊክ ቅጣት ረገድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208ን አውጥቶ ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ ለየእርከኑ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ደልድሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 557 ደግሞ ቅጣቱን ከፍ አድርጎታል። ቅጣት ከፍ ሲል በስሕተት የሚቀጣው ሰው ጉዳትም ከፍ ይላል። በመሆኑም የቅጣቱ መጠን በጨመረ ቁጥር የማስረዳትና የማድመጥ ግዴታውም አብሮ መጨመር ነበረበት። አስተዳደሩ ግን ገንዘቡን የሚከፍሉበትን መንገድ አቀላጥፏል፤ ዛሬ በቴሌብር ተቀምጦ መክፈል ይቻላል። መልካም ነው። ይሁንና በዚያው ስልክ መክፈል ከተቻለ በዚያው ስልክ መከራከር የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ገንዘብ ወደ መንግሥት ሲሄድ ዘመናዊ፣ አቤቱታ ወደ መንግሥት ሲሄድ ግን የ1950ዎቹ አሠራር መሆን የለበትም።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይደነግጋል። ይህ መርህ በዓለም ሁሉ ያለ ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን መርሁ የሚቆመው በሌላ ምሰሶ ላይ ነው። ዜጋው «አላወቅሁም» ማለት የማይችለው መንግሥት «አሳውቄያለሁ» ማለት ሲችል ነው። አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ለዚሁ ነው። ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው መመሪያና ከመመሪያም በታች ያለው የቃል ትእዛዝ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይወጣም። የትኛው መንገድ ዳር ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደ ተከለከለ፣ ጎማ የሚቆለፈው መቼ እንደ ሆነ፣ ለማስከፈቻ ምን እንደሚከፈል የሚወሰነው ግን በእነዚሁ ነው። የ2012 ዓ.ም. የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ከወጣ በኋላም ተመዝግቦ በድረ ገጽ እንዲለጠፍ፣ የአስተዳደር ውሳኔም ምክንያቱ ተጽፎ እንዲሰጥ ማዘዙ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይህን የሚያህል አዋጅ ባለበት አገር ውሳኔ በመፍቻ ተጽፎ ታርጋ በመፍታት ሲሰጥ ማየት ያሳዝናል።

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ቃላትን መለየት ያስፈልጋል፤ ቅሬታና ይግባኝ። ቅጣቱን የጣለው መሥሪያ ቤት ራሱ በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሌላ ክፍል የሚያየው ነገር ቅሬታ ነው። ይጠቅማል፣ ቢኖርም መልካም ነው። ይግባኝ ግን ከቀጪው ውጭ የሆነ፣ ከቅጣቱ ገንዘብ ጥቅም የሌለው ዳኛ የሚያየው ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁት ነበር። ሁለት ባለጋራዎች ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው መንገደኛ ዳኛ ሲፈልጉ፣ ዳኛው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ እንዲሆን ነበር የሚጠብቁት። ክርክሩም በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር የሚካሄደው። «በሕግ አምላክ» ብሎ ማቆም ለዜጋውም የተሰጠ ሥልጣን ነበር። ዛሬ ማቆም የሚችለው ባለፊሽካው ብቻ ሆኗል።

በውጭ አገር ይህን ጉዳይ እንዴት ያዙት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፓርቲያችን የሌላ አገር አሠራር እንዳለ ይገልበጥ ከሚሉት ወገን አይደለም። ግን ትምህርት ከየትም ይገኛል።

የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ሕግ አወጣ። በዚህም የማቆም ቅጣቶች ዝርዝር፣ ማለትም የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ድንጋጌ እንደ ተጣሉ፣ ማንም ሰው ሊያየው ቻለ። ቤን ዌሊንግተን የተባለ የስታቲስቲክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ2014 መረጃውን አገላብጦ ሲመለከት በአንድ ጎዳና ላይ ባሉ ሁለት የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃዎች አጠገብ ከተማው በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት እንደሚሰበስብ አገኘ። ቦታው ሲታይ አስፋልቱ ላይ የተቀባው መስመር ማቆም የሚፈቀድ ያስመስላል። ሹፌሩ መስመሩን አምኖ ያቆማል፤ ፖሊሱ መቅጃውን አይቶ ይቀጣል። ነገሩ ይፋ ሲወጣ ከተማው ቀለሙን ቀየረው። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አወጣ። በአንዳንድ መጋጠሚያዎች የእግረኛ መውረጃ ባለበት ቦታ መኪና ማቆም በሕግ ከተፈቀደ ዓመታት ቢያልፉም ፖሊሶች መቅጣታቸውን አላቆሙም ነበር። ገንዘቡ በዓመት በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ መረጃውን ሲያይ ስሕተቱን አምኖ ፖሊሶቹን እንደሚያሠለጥን አስታወቀ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም ሰላማዊ ሰልፍ አልወጣም። ቁጥር ብቻ ነው የተገለጠው።

ይህን ስናነብ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የራሳችን ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ቅጣት የሚጣልበት ቦታ የትኛው ነው? በዚያ ቦታ ምልክት አለ ወይ? ምልክቱስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ አልተሸፈነም ወይ? በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የብዙ ጎዳናዎችን መልክ ቀይሯል። ሹፌር ለሃያ ዓመት ያቆመበት ጥግ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ወይም የአበባ መደብ ሆኗል። ለውጡ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን በሌላ ክፍል አንስተነዋል። እዚህ የምንለው፣ የማቆሚያ ካርታው ሲቀየር አዲሱ ካርታ ከቅጣቱ በፊት ለሕዝብ መድረስ ነበረበት ነው። መገናኛና ወሎ ሰፈር የተተከሉትን የብረት ማቆሚያዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። በየሰፈሩ ከአስፋልት ዳር የትኛው ቦታ ተፈቅዷል የሚለውን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ተቀጥቶ ነው።

የለንደኑ አሠራር ደግሞ በይግባኙ በኩል ያስተምራል። ቅጣቱን የሚጥለው የየአካባቢው ምክር ቤት ነው። የተቀጣው ሰው መጀመሪያ ለምክር ቤቱ መቃወሚያ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ካልተቀበለው ነፃ የሆኑ ዳኞች ዘንድ ያለ ክፍያ ይግባኝ ይላል። የእነዚህ ይግባኞች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ የተወሰነውን ማየት ይችላል። ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁሉም የበለጠ ያስደሰተው ግን ሌላ ነው። ምክር ቤቱ ለቀረበለት መደበኛ መቃወሚያ በ56 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ቅጣቱ ይሰረዛል። ቀነ ገደብ ዜጋውን ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱንም ያስራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የባርኔት ምክር ቤት የነዋሪዎችን የማቆሚያ ፈቃድ ዋጋ ገቢ ለማሰባሰብ ሲል መጨመሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ መወሰኑም መጠቀስ አለበት። ማቆሚያን የመቆጣጠር ሥልጣን የግብር መሰብሰቢያ ሥልጣን አይደለም ማለቱ ነው።

ከቺካጎም አንድ ነገር እናክል። ጋዜጠኞች በመረጃ ነፃነት ሕግ ያገኙትን የቅጣት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመረምሩ የቅጣቱ ዕዳ የከበደው በድሃ ሰፈሮች ላይ እንደ ሆነ፣ ሰዎችንም እስከ ኪሣራ ማወጅ እንዳደረሳቸው ታወቀ። የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሕግ የማቆም ቅጣት ባለመከፈሉ ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድን አስቀረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ከተነጠቀ ቅጣቱን የሚከፍልበትን ገንዘብ ከየት ያመጣዋል?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ፓርቲያችን በከተማው ምክር ቤት መቀመጫ ካገኘ፣ አብላጫ ባያገኝም እንኳ፣ የሚያቀርበው የሕግ ረቂቅ ይዘት የሚከተለው ነው። ማንኛውም የማቆም ቅጣት ወረቀት የተጣሰውን ድንጋጌ ከነቁጥሩ፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የቀጪውን የመለያ ቁጥር፣ በጀርባው ደግሞ የመቃወሚያውን መንገድ በአማርኛና በከተማው ነዋሪዎች በሚነገሩ ሌሎች ቋንቋዎች እንዲይዝ እናደርጋለን። ይህ የሌለበት ወረቀት አይጸናም። ሹፌሩ በሌለበት ቅጣት ሲጣል ፎቶግራፍ ይያያዛል፤ ዛሬ የእጅ ስልክ የሌለው ተቆጣጣሪ ስለሌለ ወጪ ነው የሚል ምክንያት አንቀበልም። መቃወሚያ በጊዜው የቀረበበት ቅጣት ክፍያው ይቆማል፣ መንጃ ፈቃድና ታርጋም በዚህ ምክንያት አይያዝም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ካልመለሰ ቅጣቱ እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለሠራተኛ ሰው እንዲመች ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜም የሚቀመጥ ችሎት እንዲመደብ በጀት እንጠይቃለን።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በየሦስት ወሩ በየክፍለ ከተማው ስንት ቅጣት እንደ ተጣለ፣ በየትኛው ጥፋት፣ ስንቱ ተቃውሞ እንደ ቀረበበት፣ ስንቱ እንደ ተሰረዘ፣ ምን ያህል ብር እንደ ተሰበሰበና ለምን እንደ ዋለ ይታተማል። ተቆጣጣሪዎች በቀን የሚያሟሉት ኮታ አላቸው የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ይሁን ሐሰት በዚህ ጽሑፍ አንፈርድም። ወሬውን የሚገድለው መግለጫ ሳይሆን የታተመ ቁጥር ነው። ይህ ለሐቀኛው ትራፊክ ፖሊስም ጥቅም አለው። ሌሊትና ቀን ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው በጥቂቶች ምክንያት «ለሻይ ነው የያዘኝ» እየተባለ ስሙ ሊጠፋ አይገባም። ጉቦ የሚያድገው ቅጣቱ ስንት እንደ ሆነ፣ የትስ እንደሚከፈል አንደኛው ወገን ብቻ በሚያውቅበት ጨለማ ውስጥ ነው።

መረጃ ይታተም ስንል የሰዎች ስምና የታርጋ ቁጥር ይታተም ማለታችን አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠብቀውን እኛም እንጠብቃለን። ማን የት እንዳቆመ ለጎረቤት ማሳወቅ ግልጽነት አይባልም፤ ወሬ ነው።

«ይህ ሁሉ ከተደረገ ሁሉም ሰው እየተከራከረ ፍርድ ቤቱን ያጣብበዋል» የሚል ተቃውሞ እንጠብቃለን። መጀመሪያ ሰሞን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ክርክር ራሱ ጥቅም አለው። አንድ ቦታ ላይ የተጣለ ቅጣት ደጋግሞ ከተሰረዘ ምልክቱ ወይም ተቆጣጣሪው ችግር አለበት ማለት ነው፤ ያ ሲስተካከል ክርክሩም ይቀንሳል። ክርክር የሚፈራ አስተዳደር የቅጣቱን ትክክለኛነት ራሱ የተጠራጠረ ይመስላል።

ምርጫው እስኪደርስም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም አልተሻረም፤ ዛሬም ይሠራል። ማንኛውም ሰው ምክንያቱን መግለጽ ሳይጠበቅበት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከከለከለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት፤ በክፍለ ከተማችሁ ባለፈው ዓመት ስንት የማቆም ቅጣት ተጣለ፣ ስንቱስ በመቃወሚያ ተሰረዘ ብላችሁ ጠይቁ። ቀን ጻፉበት፣ የገቢ መዝገብ ቁጥር ተቀበሉ፣ ቅጂውን ያዙ። መልስ ብታገኙም ብትከለከሉም ቅጂውን በየወረዳው ወዳሉት የፓርቲያችን ጽሕፈት ቤቶች አምጡልን፤ የሕግ ኮሚቴያችን ይግባኙን ያለ ክፍያ ይጽፍላችኋል።